ልጅቷ ለምን ዝም አለች?

የአንድ ገበሬ ልጅ ናት እንበል። ዕድሜዋ 14 ዓመት ነው። ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች። እስከ ጥር ድረስ ማለዳ ተነሥታ፣ ውኃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ከጓደኞቿ ቀድማ ትወጣ ነበር። ከጥር ወዲህ ግን ነገሯ ሁሉ ተለወጠ። አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ትላለች። ሌላ ቀን ጥጃ የሚጠብቅ የለም ብላ ትቀራለች። እናቷ «ምን ሆነሻል?» ስትላት «ምንም» ትላለች። አባቷ «ትምህርት ሰለቸሽ እንዴ?» ሲላት ዝም ትላለች። በመጨረሻ አባትየው «እንግዲህ ካልፈለገች ትቅር። ባሏ ቤት ደብተር አትጠየቅም» አለና ነገሩን ዘጋው።

ልጅቷ ግን ትምህርት አልሰለቻትም። ከወንዙ ማዶ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ሁለት ጎረምሶች ጧት ማታ ይጠብቋታል። መጀመሪያ ስም አወጡላት። ቀጥሎ መንገድ ዘጉባት። ከዚያም አንደኛው እጇን ይዞ ጎተታት። ስትታገል ደብተሯ ውኃ ውስጥ ወደቀ። ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገረችም።

ውድ አንባቢዎች! ይህን ያቀረብነው ለምሳሌ ያህል ነው። ነገር ግን ለማናችንም እንግዳ ነገር አይደለም። በየቀበሌው እንዲህ ከትምህርት የቀሩ ልጆች አሉ። «ሰነፈች» ተብሎ ይወራባቸዋል እንጂ ምን እንደ ደረሰባቸው የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን በልጅቷ ዝምታ ላይ እንነጋገራለን። ዝም ያሰኛት ማን ነው? ትምህርት ቤቱስ፣ ሕጉስ፣ እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን?

ነገሩን በስሙ እንጥራው

በመንገድ ላይ ያገኟትን ሴት ሳትፈልግ መጣራት፣ ማፏጨት፣ ስለ ሰውነቷ መናገር፣ መሳደብ፣ ይህ ለከፋ ይባላል። እጅን ማሳረፍ፣ መቆንጠጥ፣ መጎተት ደግሞ ጉንተላ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ፣ ሌላውም ማባበልና ማስፈራራት ተጨምሮ፣ በጽሑፍ ቋንቋ ወሲባዊ ትንኮሳ ይባላል። መተንኮስ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። ንብ ካልተነኮሱት አይናደፍም። ሰው ካልተነኮሱት አይጣላም። ተንኳሽ ማለት በሰላም የተቀመጠውን የሚነካ ነው።

ጎረምሳው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው። «ተጫወትኩ እንጂ ምን አደረግኋት?» ይላል። ታዲያ ጨዋታ ምንድን ነው? ጨዋታ ሁለቱም የሚስቁበት ነገር ነው። አንዱ እየሳቀ ሌላዋ እያለቀሰች ጨዋታ የለም። ገና ቋንቋው ይኸው «ጨዋታ» ሳለ ያልታረመ ልጅ ነገ የሚያደርገውን አናውቅም። ወደ ጠለፋና ወደ አስገድዶ መድፈር የሚወስደው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ዝም የሚያሰኛት ምንድን ነው?

ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። ብትናገር ምን እንደሚመጣ አስባ ነው ዝም ያለችው።

«አንቺ ምን አድርገሽ ነው?» እንባላለሁ ብላ ትፈራለች። እውነቷን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአፋችን የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ለምን በዚያ መንገድ ሄድሽ? ለምን ሳቅሽ? ለምን ዘገየሽ? በሬ የተሰረቀበትን ሰው «ለምን በሬ ኖረህ?» ብለን አንጠይቅም። ለልጃችን ሲሆን ግን እንጠይቃለን።

ደግሞም ደም ይፋሰሳል ብላ ትፈራለች። አባቷ ቁጡ ነው። ወንድሟ በትር ይዞ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የሁለት ቤተሰብ ቂም ነው። «በእኔ ምክንያት ወንድሜ ከሚሞት እኔ ልቻለው» ትላለች። የ14 ዓመት ልጅ የቤተሰብን ሰላም በጫንቃዋ ተሸክማ ትሄዳለች ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ብትናገር ከትምህርት ቤት ያስቀሯታል። ይህን በደንብ ታውቃለች። የጎረቤት ልጅ ላይ የደረሰውን አይታለች። አባት ልጁን ይወዳል፤ ክብሯንም ይጠብቃል። ስለዚህ «ትምህርቱ ይቅርባት፣ ዋናው ደኅና መሆኗ ነው» ይላል። ትንሽ ቆይቶም «ሳትበላሽ ለሰው ልስጣት» ይልና ይድራታል። እንግዲህ ፍርዱን እንመልከተው። የተነኮሰው ልጅ በማግሥቱ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የተተነኮሰችው ቤት ትውላለች። ቅጣቱን የተቀበለችው እርሷ ናት!

የጎረቤት ከብት ማሳችን ገብቶ እህላችንን ቢበላ ማሳውን ማረስ እናቆማለን? አናቆምም። ከብቱን እናስወጣለን፤ ባለቤቱን ጠርተን በሽማግሌ እናስከፍላለን፤ አጥሩን እናጠብቃለን። በሚቀጥለው ዓመት ማሳው እንደገና ይዘራል። በልጃችን ላይ ሲደርስ ግን ማሳውን ጦም እናሳድራለን።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ለስንት ነገር ጥሩ ምክር ነው። ለዚህ ነገር ግን አይሆንም። እዚህ ላይ ዝምታ ይነቅዛል፤ የሚበላውም ልጅቷን ነው።

ከተማ ተከራይታ የምትማር ልጅ

እስካሁን የተናገርነው ማታ ማታ ወደ ቤቷ ስለምትመለስ ልጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወረዳው ከተማ ላይ ነው። የገበሬ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ካለፈች ከተማ ገብታ ቤት ተከራይታ ትማራለች። ዓርብ ማታ በእግሯ አገሯ ትገባለች። እሑድ ሽሮዋን፣ በርበሬዋን፣ ቆሎዋን ተሸክማ ትመለሳለች። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይካፈላሉ።

ስለዚህ ጉዳይ ረዘም አድርገን መናገር የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ገበሬው ልጁን ከተማ ሲልክ የሚያስበው ስለ ኪራዩና ስለ ስንቁ ነው። በሩ ከውስጥ ይዘጋ አይዘጋ ሄዶ ያየ አባት ጥቂት ነው። በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወርድ ጥርሱን ከፍቶ፣ ጀርባውን ዳብሶ፣ ሰኮናውን አይቶ፣ ባለቤቱን ጠይቆ የሚገዛ ሰው ልጁን ግን ያላየው ቤት ይልካል።

እስቲ እንሂድና እንየው። በሩ መቀርቀሪያ አለው? ግድግዳው ጭቃው ረግፎ በቀዳዳው ሰው ያያል ወይ? ሽንት ቤቱ የት ነው? በሌሊት ለመውጣት የሌላ ሰው በር ማለፍ ያስፈልጋል? በግቢው ውስጥ ሌላ ማን ተከራይቷል? ጠጅ ቤት ወይም አረቄ ቤት አጠገብ ነው? ባለቤቲቱ ማን ናት? አንድ ቀን ሥራ ፈትቶ ይህን አይቶ መመለስ ዓመቱን ሙሉ ከመጨነቅ ይሻላል። ልጆቹም ብቻ ብቻቸውን ከሚሆኑ ከአንድ ቀበሌ የመጡት አብረው ቢከራዩ፣ በከተማው ያለች አንዲት ዘመድ ወይም የታወቀች እናት በየጊዜው ብትጎበኛቸው ብዙ ይረዳቸዋል።

ስለ ስንቅም አንድ ነገር እንጨምር። የልጅቷ ስንቅ ረቡዕ ካለቀ ሐሙስና ዓርብ ምን ትበላለች? ልክ በዚያን ጊዜ «ልርዳሽ» የሚል ሰው ይመጣል። ምሳ ይጋብዛታል። ደብተር ይገዛላታል። ስልክ ይሰጣታል። ኋላ ዋጋውን ይጠይቃል። ይህን ስንል ድሀ ወላጆችን ለመውቀስ አይደለም። የሌለውን ከየት ያመጣል? ነገር ግን ያለን ሰዎች ለወንዱ ልጅ ስንቅ ስንሞላ ለሴቷ «ሴት ልጅ ብዙ አትበላም» እያልን የምናጎድል ከሆነ የምንቀንሰው ከጥበቃዋ ነው።

ጥፋተኛው አስተማሪ ቢሆንስ?

አስተማሪን ማክበር ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ ጥሩም ነው። እኛም ፊደል የቆጠርነው በአስተማሪ ነው። ብዙዎቹ መምህራን የተማሪዎቻቸው ወላጅ ናቸው፤ ልጅቷ ለእናቷ ያልነገረችውን የሚሰሙት እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ማርክ እሰጥሻለሁ ወይም እጥልሻለሁ እያለ ልጅን የሚያጠምድ መምህር መኖሩን መካድ አንችልም። በእጁ ያለው ቀይ እስክሪብቶ ከጎረምሳው በትር ይልቅ ያስፈራል። በትር ያያል ሰው፤ ማርክ ግን ማን ያያል?

የአገራችን የወንጀል ሕግ ስለዚህ ነገር በግልጽ ይናገራል። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 414/1996 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በአንቀጽ 625 አሳዳጊ፣ አስተማሪ፣ ጌታ ወይም አሠሪ በመሆኑ ያገኘውን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ፣ ወይም የአንዲትን ሴት ችግር ተጠቅሞ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመ ሰው ይቀጣል ይላል። ልብ በሉ፤ ሕጉ «ችግሯን» ይላል። ቅድም ያነሣነው ያለቀ ስንቅ በሕጉ ውስጥ ቦታ አለው ማለት ነው። ይህ አንቀጽ ግን የሚሠራው ተበዳይዋ ስታመለክት ነው። ዝም ካለች ሕጉም ዝም ይላል።

ልጅቷ ከ13 ዓመት በላይ ሆና 18 ዓመት ያልሞላት ከሆነች ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። በአንቀጽ 626 መሠረት እንዲህ ካለች ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመ ወንድ ከ3 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ልጅቷ ተማሪው ከሆነች ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ይሆናል። «እሷም ፈቅዳለች» የሚለው ምክንያት አያድነውም። ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው። ወንድ ልጆችም እንዲህ ያለ ጥቃት እንደሚደርስባቸው፣ ሕጉም እነርሱን እንደሚጠብቅ መዘንጋት የለብንም።

ድፍረት የሚለው ቃል

በአማርኛችን ድፍረት የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ደፋር ሰው ስንል የማይፈራ፣ ጀግና ማለታችን ነው። ልጅቷ ተደፈረች ስንል ግን ያለ ፈቃዷ ክብሯ ተነካ ማለታችን ነው። አንዱ ቃል ሁለቱንም ይናገራል። በ2006 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበ አንድ የኢትዮጵያ ፊልም ስሙ «ድፍረት» ነው። መነሻ ያደረገውም በእውነት የሆነ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ጠለፏት። ጠላፊው ሊያገባት ፈልጎ ነበርና ደፈራት። እርሷ ግን መሣሪያ አግኝታ አመለጠች። ሲከተላት ተኩሳ ገደለችው። ተከሰሰች። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት። ፍርድ ቤቱም ያደረገችው ራሷን ለመከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ሆኖም በነጻ ከተለቀቀች በኋላ እንኳ ወዲያው ወደ አገሯ ተመልሳ በሰላም መኖር አልቻለችም። ዳኛ የፈታትን ልማድ አሠራት።

በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ጠለፋ ወንጀል ነበር። ይሁንና ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ክሱ ይቀር ነበር። ስለዚህ ጠላፊ መጀመሪያ ይጠልፋል፤ ቀጥሎ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው ያስታርቃል፤ ጥሎሽ ይሰጣል፤ ነገሩ አለቀ ይባላል። የዛሬው ሕግ ይህን በር ዘግቷል። በአንቀጽ 587 ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት በጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ደፍሯት ከሆነም በዚያ ጨምሮ ይጠየቃል። ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት አያድነውም።

ሽማግሌዎቻችንን አናጣጥልም። የድንበር ጠብ፣ የውኃ ጠብ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ በሽማግሌ ባይበርድ ኖሮ ፍርድ ቤቱ በሰው ብዛት በፈረሰ። ነገር ግን ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሁለት ባለጉዳዮችን ነው። በዚህ ጉዳይ በሽምግልናው ላይ የሚቀመጡት አባቷና ጠላፊው ናቸው። ልጅቷን ማን ጠየቃት? እርቁ የማን ከማን ጋር ነው? ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የሽማግሌ ሳይሆን የፖሊስና የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

በክፍል ውስጥ ምን ይማራሉ?

ሕግ ቀጪ ነው። የሚመጣው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። ከመሆኑ በፊት የሚሠራው ትምህርት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ኅብረተሰቡ ስለ ሴቶች ያለውን አመለካከት ለመለወጥ እንዲያገለግል አድርጎ ጽፎታል። በቀጣዩ ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች ከጎጂ ልማድ ተጽዕኖ የመላቀቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የትምህርት ሚኒስቴርም በትምህርት ቤት የሚደርስን ጾታዊ ጥቃት ለመከላከል የሥነ ምግባር ደንብ አዘጋጅቷል። በወረቀት ላይ ብዙ ነገር አለን።

ከወረቀት ወደ ክፍል ሲገባ ግን ምን መምሰል አለበት? በእኛ አስተያየት በየዓመቱ የካቲት 29 ቀን የሴቶች በዓል ሲሆን ሰልፍ አውጥቶ፣ መፈክር አስይዞ፣ በማግሥቱ ዝም ማለት ትምህርት አይደለም። ነገሩ በሌላው ትምህርት ውስጥ መግባት አለበት። በሳይንስ ክፍል ወንዱም ሴቷም ስለ ሰውነታቸው፣ ስለ ወር አበባ ሳይሳቅ ይማሩ። በዜግነት ትምህርት ስለ መብት ሲነሣ የሩቅ አገር ምሳሌ ከመፈለግ የወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ ይነሣ። በአማርኛ ክፍል ድርሰት ሲጻፍ «ወደ ትምህርት ቤት የምሄድበት መንገድ» የሚል ርዕስ ይሰጥ። መምህሩ ያን ድርሰት ሲያነብ ሴቶቹ የሚፈሩት የትኛውን ቦታ እንደ ሆነ፣ ወንዶቹ ደግሞ ያን ቦታ ጭራሽ እንዳላዩት ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ ብዙ ማስተማሪያ አያስፈልገውም።

ዋነኛው ተማሪ ወንዱ መሆኑን ልብ እንበል። እስከ ዛሬ የምናስተምረው ሴቷን ነው። ተጠንቀቂ፣ አትሳቂ፣ አታምሺ፣ ብቻሽን አትሂጂ። ወንዱንስ ምን አልነው? «አትልከፍ» ብለነው እናውቃለን? ሲለክፍ አይቶ ዝም ያለው ጓደኛውስ? ሦስት ወንዶች ባሉበት አንዱ ቢለክፍና ሁለተኛው «ተው እንጂ፣ ነውር ነው» ቢለው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ወንድ ልጅ በወንድ ፊት መናቅን ይፈራልና።

አንዳንድ ወላጆች «ልጆቻችንን ብልግና ያስተምሩብናል» ሲሉ እንሰማለን። ንግግራቸው ከክፋት አይደለም። እኛም ስናድግ እንዲህ ያለ ነገር በአባት ፊት አይነሣም ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር እናስብ። የደረሰባትን የምትጠራበት ቃል የሌላት ልጅ ለእናቷ እንዴት ትናገራለች? ለፖሊስ ምን ብላ ቃሏን ትሰጣለች? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ የት እንደ ነካት፣ ምን እንዳደረጋት ትጠየቃለች። ቃል ያላስተማርናት ልጅ አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ ተከሳሹ ማስረጃ የለም ተብሎ ሊወጣ ይችላል። ነውር የሆነው ማወቋ ነው ወይስ መጠቃቷ?

ሣጥኑና ቁልፉ

በብዙ ትምህርት ቤቶች የሴት ተማሪዎች ክበብ አለ። ልጃገረዶች ተሰብስበው ይወያያሉ፤ አንዲት መምህርት ትረዳቸዋለች። በአንዳንዱም ስሟን ሳትጽፍ አቤቱታዋን የምትጥልበት ሣጥን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ወላጅ ሆኖ ትምህርት ቤት የሄደ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ የሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ቁልፉ የሚከሰሰው ሰው ኪስ ውስጥ ካለ ሣጥኑ እንጨት ብቻ ነው። ወረቀቱ ከወጣ በኋላስ ማን ያነበዋል? በስንት ቀን መልስ ይሰጣል? ልጅቷ ከሳ ስታበቃ በዚያው መምህር ፊት ትፈተናለች ወይ?

የወላጅና መምህር ኅብረት ይህን ለመጠየቅ መብት አለው። ብዙ ጊዜ ኅብረቱ የሚሰበሰበው ለክፍል ማሠሪያ ድንጋይና አሸዋ ለማዋጣት ነው። ድንጋዩም ያስፈልጋል፤ እሺ። የሴቶቹ ሽንት ቤት ከወንዶቹ ተለይቶ በርና መቀርቀሪያ እንዲኖረውም ድንጋዩ ያስፈልጋል። ግን ኅብረቱ ውስጥ እናቶች ስንት ናቸው? ካሉስ ይናገራሉ ወይስ ቡና ያፈላሉ?

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የምንቃወመው አንድ አሠራር አለ። ይኸውም ጥፋተኛ የተባለውን መምህር «እዚህ ስሙ ጠፍቷል» ብሎ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ማዛወር ነው። ተናካሽ ውሻን ከግቢያችን ፈትተን የጎረቤት ግቢ ብናስር ንክሻው ቀረ ማለት ነው? እዚያም ልጆች አሉ። ትክክለኛው መንገድ ለፖሊስ ማመልከትና በሕግ እንዲጣራ ማድረግ ነው። መምህሩ ንጹሕ ከሆነም በምርመራ ስሙ ይጠራለታል። በሹክሹክታ መዛወር ግን ለንጹሑም ለጥፋተኛውም አይበጅም።

ነገሩ ቤት ሲደርስ

ልጅቷ አንድ ቀን ማታ እሳት ዳር ሆና ተናገረች እንበል። እናትና አባት ምን ይበሉ? በመጀመሪያ ይስሙ። አይጩኹባት፤ አያቋርጧት። ከዚያም ሦስት ነገር ይንገሯት። «መናገርሽ ደግ አደረግሽ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ትምህርትሽን አታቆሚም።» ሦስተኛው ቃል ካልተጨመረ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም። ነገ ሌላ ነገር ቢደርስባት የምትናገረው ይህን ቃል ከሰማች ብቻ ነውና።

ጎረምሶቹ በቃል የለከፏት ከሆነ በትር ይዞ ከመውጣት የልጆቹን አባቶች፣ ርዕሰ መምህሩንና የቀበሌውን ሰዎች አንድ ላይ መጥራት ይበጃል። የልጁ አባት በሰው ፊት ሲያፍር ቤቱ ገብቶ ልጁን ይመክራል። ካልመከረና ነገሩ ካልቆመ ፖሊስ አለ።

ተደፍራ ከሆነ ግን ጊዜ አይሰጥም። ሰውነቷን ሳትታጠብ፣ ልብሷም ሳይታጠብ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ትወሰድ። ልብሱ ማስረጃ ነውና በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ የሚሠራው ግን በ72 ሰዓት፣ ማለትም በሦስት ቀን ውስጥ ከተጀመረ ነው። እርግዝና የሚከላከለውም መድኃኒት ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚጠቅመው። «እስቲ ሽማግሌ ይምከርበት» እየተባለ ሳምንት ከሄደ መድኃኒቱም ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በአንድ ነገር ሳንስማማ ቀርተናል። ከመካከላችን አንዳንዱ ሴት ልጆች በቡድን ሆነው፣ ትልቅ ወንድም አጅቧቸው ይሂዱ ይላል። ሌላው ደግሞ «ይህማ ዞሮ ዞሮ እርሷን ማሰር ነው፤ ለምን መንገዱን ለቀቅ የሚያደርገው ለካፊው አይሆንም?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ለነገ ጧት ቡድኑ ያስፈልጋል፤ መንገዱ ገና አልጸዳምና። ቡድኑ ግን መፍትሔ ነው ብለን ከተቀመጥን ወንድም የሌላት፣ ጓደኛ የሌላት ልጅ ከወንዙ ማዶ ብቻዋን ትቀራለች። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የመወያያ ጥያቄዎች

ይህን ጽሑፍ በቡድን የምታነቡ ከሆነ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ከዚያ በነዚህ ላይ ተነጋገሩ። ሴቶች መጀመሪያ ይናገሩ።

በዚህ ዓመት በቀበሌያችን ትምህርት ያቋረጡ ሴት ልጆች ስንት ናቸው? በጣታችሁ ቁጠሩ። ለምን እንዳቋረጡ ከራሳቸው አፍ የሰማ ማን ነው?

ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚፈሩት ቦታ የት ነው? ነገ ሄደን ብናየው ምን እናደርግበታለን?

በትምህርት ቤታችን የአቤቱታ ሣጥን አለ? ቁልፉ በማን እጅ ነው?

የተነኮሰው ልጅ የእኔ ልጅ ቢሆንስ?